ጉልበቴን አደራ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ፋሲካ ካለፈ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እዚሁ ኢየሩሳሌም ውስጥ ነው። ማንም አልሞተም፣ ማንም አልተካሰሰም። ግን ዛሬም ከማሃኔ ይሁዳ ገበያ ጀርባ ባለችው የብስክሌት ሱቅ ፊት ለፊት ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ። ፈርቼ አይደለም፣ ንቄ ነው። ሰውን መናቅ ደግ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም የተሰማኝን ትቼ ሌላ ነገር መጻፍ አልፈልግም።

አባቴ ኢትዮጵያ መንገድ አጠገብ ባለ ትምህርት ቤት የበር ጠባቂ ነው። በብርዱ ወራት ቀኝ ጉልበቱ ላይ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ብዙ ጊዜ ቤት ዋለ። ሥራ ሲመለስ አለቃው በግልጽ ነገረው፤ ጉልበቱ ዳግመኛ ከተጎዳ ሌላ ሰው ይተካበታል። የምታክመው ባለሙያ ደግሞ ፔዳል መርገጥ እንደሚጠቅመው፣ ነገር ግን ጉልበቱን ማስገደድ እንደሌለበት አስጠነቀቀችው። ከምንኖርበት ከቂርያት ሃዮቨል ሰፈር እስከ ሥራው ድረስ መንገዱ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ይገዛ ተባለ።

እኔ ጠንቃቃ ሴት ነኝ። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ፊዚክስ ስለሆነ ቁጥር አያስፈራኝም፤ የሚያስፈራኝ ሰው ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሞተሮችን ሳነጻጽር ሰነበትኩ። ሻጮች ሁሉ የሚፎክሩት ሞተሩ በሚያዞርበት ኃይል ነው፣ በኒውተን ሜትር ይለኩታል። አንዱ ስልሳ ነው፣ ሌላው ሰማንያ አምስት። እግር ግን ቁጥር አያውቅም። እግር የሚያውቀው ኃይሉ እንዴት እንደሚመጣ ነው፤ እንደሚደግፍ እጅ ቀስ ብሎ ነው ወይስ ከኋላ ይገፈትራል? ይህ ደግሞ በስልክ ከሞተሩ ጋር ተገናኝቶ የሚስተካከል ነገር ነው። ለአባቴ የሚያስፈልገው ብዙ እርዳታ፣ ግን በዝግታ የሚጀምር እርዳታ ነበር። ይህንን በዕብራይስጥ ወረቀት ላይ አስፍሬ ይዤ ሄድኩ።

ባለሱቁ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው፣ እዚሁ የተወለደ የእኛው ልጅ ነው። ወረቀቴን ተቀበለና ሳያነበው የዘይት ጣሳ አስቀመጠበት።

አባቴ ሁለቱንም ሞክሮ ስልሳውን መርጦ ነበር። ባለሱቁ ብስክሌቱን በጫማው ጫፍ ነካ አደረገው።

"ስልሳ? ስልሳ ለሴት አያቶች ነው። ሰማንያ አምስቱን ውሰዱ፣ ዛፍ ላይ ይወጣል!"

"እኔ ዛፍ ላይ ምን ሥራ አለኝ?" አለ አባቴ።

ይህን ሁሉ በዕብራይስጥ ነበር የሚነጋገሩት። ከኋላችን የቆሙት ሁለት ደንበኞች ሳቁ። ባለሱቁ አልሳቀም። ስልሳውን እያየ ትከሻውን ነቀነቀና በተሰባበረ አማርኛ ጀመረ።

"እሺ አባባ፣ አንተ ምን ትፈልጋለህ?"

እኔ አባቴን "አንተ" የምለው ልጁ ስለሆንኩ ነው። ይህ ሰው ግን "እርስዎ" የሚባል ቃል በዓለም ላይ መኖሩንም የሰማ አይመስልም።

"የኔ ነገር ጉልበት ነው፣ ልጄ" አለው አባቴ በትዕግሥት። "ጉልበቴን አደራ።"

"ጉልበት!" የባለሱቁ ፊት በራ። "ሰባባ፣ በጣም ጥሩ! ጉልበት እሰጥሃለሁ!"

ስልኩን አውጥቶ ከሞተሩ ጋር አገናኘና መለኪያዎቹን በአውራ ጣቱ ወደ ላይ መግፋት ጀመረ። ያኔ ገባኝ። እሱ የሚያውቀው ጉልበት ኃይል ማለት እንደሆነ ብቻ ነው። እግር ላይ ያለውን ጉልበት በአማርኛ ጠርቶት አያውቅም። ጠጋ ብዬ በሹክሹክታ፣ በዕብራይስጥ፣ "ስለ እግሩ ነው የሚነግርህ፤ ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል" አልኩት።

ቀና እንኳ አላለም። "ሞቴክ፣ አማርኛ እኔም አውቃለሁ።"

ጣፋጬ ማለቱ ነው። ስሜን አልጠየቀኝም። ደንበኞቹ ያዩኛል፣ ጆሮዬ ጋለ። ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት ዲግሪ ምላሴ ድረስ አልወረደልኝም።

ገንዘቡን ከፍለን፣ አባቴ ብስክሌቱን እየገፋ ከገበያው ወጣን። የቀላል ባቡሩን ሐዲድ ተሻግረን ወደ ኢትዮጵያ መንገድ ገባን። መንገዱ ጠባብ ነው፤ በግራም በቀኝም ረጅም የድንጋይ ግንብ አለ። እዚያ ባለው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አንዲት አሮጊት እማሆይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ።

"እንግዲህ ልሞክራት" አለ አባቴ።

አባቴ ብስክሌት የተማረው ጎንደር፣ በሰዓት በሚከራይ ብስክሌት ነው። አወጣጡም ያው የዚያን ጊዜ ነው፤ ግራ እግሩን ፔዳሉ ላይ ያቆምና በቀኙ መሬቱን ነካ ነካ አድርጎ ካስኬደው በኋላ እግሩን አሻግሮ ኮርቻው ላይ ይቀመጣል። የሰውነቱ ክብደት በሙሉ ፔዳሉ ላይ ሲያርፍ ሞተሩ ያን ሁሉ ኃይሉን በአንድ ጊዜ ለቀቀው። ብስክሌቱ ተፈተለከ። አባቴ መሪውን ጨብጦ፣ አንድ እግሩ አየር ላይ ተንጠልጥሎ፣ አሥር ሜትር ያህል ተወሰደ። ከዚያ የፊት ጎማው ግንቡን መታና አባቴ በጎኑ ወደቀ።

"በስመ አብ!" ሲሉ ሰማሁ እማሆይ።

ስደርስ ቀኝ ጉልበቱን በሁለት እጁ አቅፎ ዓይኑን ጨፍኗል። እኔ ያሰብኩት ያንን አለቃውን ነው። ጠዋት የትምህርት ቤቱ በር ላይ ሌላ ሰው ቆሞ ታየኝ። እማሆይ በርጩማቸውን ተሸክመው መጡና እንዲቀመጥ ረዳነው።

"ጉልበትዎን ነው?"

"እሱን ነው እማሆይ። ያዝኩት እንጂ የተመታ አልመሰለኝም።"

"እስኪ ይጠፉት።"

አጠፈው። ዘረጋው። ደግሞ አጠፈው። ሦስታችንም ጉልበቱ ላይ አፈጠጥን።

"አለ" አለ አባቴ።

መዳፉ ተልጦ ነበር፣ ጉልበቱ ግን ደህና ነው። እማሆይ የወደቀውን ብስክሌት ከላይ እስከ ታች አዩት። "በቅሎ ይሻልዎት ነበር" አሉት። አባቴ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

አባቴን እሳቸው ዘንድ ትቼ ብስክሌቱን ወደ ሱቁ መለስኩት። ምን እንደሆነ በዕብራይስጥ ነገርኩት።

"ራሱ ነው ጉልበት የጠየቀው" አለ ባለሱቁ። "ሰጠሁት።"

ጉልበቴ ላይ እጄን አሳረፍኩ። "ይሄ በአማርኛ ምን ይባላል?"

እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ።

"አውቃለሁ አላልክም? ጉልበት ነው! ይሄ ነው ጉልበት!" ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። በሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ዞረው አዩኝ።

ጉልበቴን አየና ተገርሞ ሳቀ። "ዋላ! ሁለቱም ጉልበት? ቆንጆ ነው!"

አባትሽ እንዴት ነው አላለም። ላስተካክለው ብሎ ስልኩን ሲያወጣ "አትንካው" አልኩት። ሞተሩን ከስልኬ ጋር የሚያገናኘውን የመግቢያ ቁጥር ብቻ ጽፎ እንዲሰጠኝ ጠየቅሁት። ጻፈልኝ፤ ያውም ባልተነበበው ወረቀቴ ጀርባ።

ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን፣ ከሥራ ስንመለስ፣ ቤታችን ጀርባ ባለው የመኪና ማቆሚያ እኔ ስልኬን ይዤ ቆምኩ፣ አባቴ ዞረ። መጀመሪያ ግን ኮርቻው ላይ ሳይቀመጥ ፔዳል እንዳይረግጥ አስማልኩት።

"አሁንስ?" እለዋለሁ።

"ይገፈትረኛል።"

ዝቅ አደርገዋለሁ። "አሁንስ?"

"አሁን ደግሞ ተኛ።"

በሦስተኛው ቀን ዳገቷን ወጥቶ ተመለሰና አጠገቤ ቆመ። አላለከለከም። "አሁን የምነዳው እኔ ነኝ" አለ። ዛሬም በዚያው ብስክሌት ሥራ ይሄዳል።

ባለሱቁ ይህን ታሪክ ለደንበኞቹ እንደ ቀልድ እንደሚያወራው ሰምቻለሁ። በቀልዱ ውስጥ እኔ የለሁም፤ አንድ ሽማግሌና አንድ ቃል ብቻ ናቸው ያሉት። አባቴ ሲያገኘው ይጨብጠዋል። "ልጁ ክፉ አይደለም፣ ቋንቋ ነው ያነሰው" ይለኛል።

ቋንቋ ያነሰውን ሰው እኔ አልንቅም። ከጎንደር ስንመጣ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ክፍል ውስጥ ውኃ መጠየቅ እንኳ አቅቶኝ ያውቃል። ለእሱ ግን ስለ አባቴ እግር የነገርኩት በዕብራይስጥ ነው፣ አፉን በፈታበት ቋንቋ። የነገርኩት አንድ ጊዜ፣ ያውም በሹክሹክታ መሆኑን ሳስብ ደግሞ ንቀቴ ወደ ራሴ ይዞራል፤ በራሴም ላይ ቢሆን ገና አልበረደም።