ከፓስታ በኋላ ራት

ሊጡ ሳይቦካ እንጀራ ያለቀ እንደሆነ፣ እናቴ ቶሎ ብላ ፓስታ ትጥድ ነበር። ጣልያን ጎንደርን ለቆ ቢሄድም ፓስታው ቀርቶልን ነበር። ሥጋውን በቢላዋ አድቅቃ ትከትፍና፣ በሽንኩርትና በበርበሬ አቁላልታ፣ ቅቤ ጣል አድርጋበት ከፓስታው ጋር ታማስለዋለች።

ቄሱ አባቴ ባርኮ ይጀምርና ሁለት ሳህን ጥርግ አድርጎ ይበላል። ከዚያ አፉን ጠርጎ፣ «ሸጋ ነው። በይ እንግዲህ፣ ራት አቅርቢ» ይላታል።

እናቴ ትበግናለች። «ምነው፣ አሁን የበሉት ምንድን ነው?»

«እንጀራ የሌለበት ራት ይባላል?»

እያጉረመረመች ከጎረቤት አንድ እንጀራ ታመጣለታለች። እሱም የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእሷ ያጎርሳታል፤ ቁጣዋ እዚያው ይበርዳል።

የዛሬ ሰው ፓስታ በልቶ ራት በላሁ ይላል። እኔ ግን አባቴም እናቴም ካለፉ በኋላ እንኳ፣ ፓስታዬን ጨርሼ ከገበታው አልነሣም፤ ራት እጠብቃለሁ።