በአባሪው ላይ የጻፍኩት ስም

ሮቤ ላይ የያዙኝ የመመረቂያ ጽሑፌን ላስጠርዝ ከገባሁበት ሱቅ ነው። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ጥራዙን አገላብጦ «ያንተ ነው?» አለኝ። «አዎ፣ የኔ ነው» አልኩ። ትንሽ ኮራ ሳልል አልቀረሁም።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበር መሰለኝ፤ ገብስ ገብስ ይሸታል። ሲሚንቶው የባሌን ብርድ ይዞ አይለቅም።

ጽሑፌ የአካባቢው ሽማግሌዎች የሚገጥሟቸውን፣ ወጣቶች ደግሞ በስልክ ቀድተው ቲክቶክ ላይ የሚለቋቸውን ግጥሞች የሚመለከት ነበር። መጨረሻው ላይ፣ አባሪው ውስጥ፣ ግጥም የነገሩኝን ሰዎች ስም ከነቀበሌያቸው ዘርዝሬአለሁ። ደንቡ እንደዚያ ነው።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በሩ ተከፈተና አንድ ሽማግሌ ገቡ። ጫማቸውን በሩ ጋ አውልቀው «አሰላሙ አለይኩም» አሉ። የዲንሾው ሰው ነበሩ፤ ከዝርዝሩ አንዱ።

«አንተም እዚህ ነህ፣ ልጄ?»

«አባባ፣ እርስዎን ያስያዝኩዎት እኔ ነኝ። የፈረሱ ግጥም ነው።»

ግጥሙ ሌላ ሰው ስለጫነው ፈረስ ነበር። እኔ ፈረሱን ሕዝብ፣ ኮርቻውን ሥልጣን አድርጌ አራት ገጽ ተነተንኩት። አማካሪዬ በጣም ወዶልኝ ነበር።

ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው አዩኝ። «ነግሬህ ነበር እኮ። ሚስቴ ጎባ ሆስፒታል ስትተኛ ፈረሴን ሸጥኩት። በሳምንቱ ሌላ ሰው ተቀምጦበት ሲያልፍ አየሁ። ፈረሱ አወቀኝና ቆመ። ሰውዬው ገረፈው። እሱን ነው የገጠምኩት።»

እውነታቸውን ነው፣ ነግረውኛል። የቀዳሁት ድምፅ ላይም አለ። ትንተናዬን ስለሚያፈርስብኝ ነው የተውኩት። ይህንኑ ነገርኳቸው። ከዚያ ጋቢያቸውን መሬት ላይ ዘርግተው «ይበርዳል፣ ና ተቀመጥ» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

በማግስቱ መርማሪው አስጠራኝ። የተተየበ ወረቀት አዘጋጅቶ ጠበቀኝ።

«ትርጉሙን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው ብለህ ፈርም። ለምረቃህ ትደርሳለህ።»

እናቴ ለምረቃው ቀሚስ አሰፍታ ነበር። እስክሪብቶውን ተቀበልኩ። ወዲያው እምቢ አልኩ ብል ደስ ባለኝ፤ ግን አላልኩም። ምን ያህል እንዳመነታሁ የማውቀው እኔ ነኝ። በኋላ የተተየበውን ሰርዤ ከሥሩ በእጄ ጻፍኩ፦ «ትርጉሙ የእኔ ነው። እሳቸው የነገሩኝ ስለ ሸጡት ፈረስ ብቻ ነው።» እሱን ፈረምኩ።

ሽማግሌው ከአምስት ቀን በኋላ ተፈቱ። እኔ ሁለት ወር ቆየሁ፤ ምረቃው አለፈ።

አሁን ጎባ አስተምራለሁ። አምና ዲንሾ ሰርግ ተጠርቼ ሄድኩና አገኘኋቸው። ከጎናቸው አስቀመጡኝ፤ ስለ እናቴ ጤና ጠየቁኝ። ቂም የለባቸውም። ቆይቶ የሙሽራው ዘመዶች እንደ ድሮው ግጥም እንዲሉላቸው ለመኗቸው።

«ኢራንፋዴ» አሉ ፈገግ ብለው። «ረስቼዋለሁ።»

ሰዎቹ ስቀው ተዉአቸው። እኔ ግን አጠገባቸው ነበርኩ፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።