ካርታ ተብላ የተያዘችው ጋላክሲ

መሊካ ሱሩር ጁባ የመጣችው ለሁለት ሳምንት ነበር። አዲስ አበባ የአስትሮፊዚክስ ማስተርሷን ሁለተኛ ዓመት እንደጀመረች፣ አባቷ ሐጂ ሱሩር ከኡጋንዳ ዘይትና ዱቄት ጭኖ ከሚመጣ መኪና ጋር ኒሙሌ መንገድ ላይ ደፈጣ ገጠማቸው። ሾፌሩ መሪው ላይ እንደተደፋ ቀረ። ሐጂ ሱሩር ጭናቸውን ሁለት ቦታ ተመትተው፣ ሣር ውስጥ ስድስት ሰዓት ሙሉ ደማቸው ሲፈስ ቆይተው ተረፉ። ልጃቸው ልታስታምማቸው መጣች። እግራቸው ግን እንደ ድሮው አልሆን አለ፤ ካስተም ገበያ ያለው የጅምላ ሱቃቸውም ሰው ፈለገ። ሁለቱ ሳምንት ሦስት ዓመት ሆነ።

ትምህርቷን ግን አልጣለችም። ከሱቁ ኋላ ባለችው መጋዘን፣ በዘይት ካርቶን መሀል ላፕቶፗን ከፍታ የመመረቂያ ጥናቷን ትሠራ ነበር። ጥናቷ ስለ ጋማ ጨረር ፍንዳታ ነው። አንድ ግዙፍ ኮከብ ነዳጁን ጨርሶ በራሱ ላይ ሲደረመስ፣ ፀሐይ በዕድሜዋ ሙሉ የምትሰጠውን ያህል ጉልበት በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ይተፋል። ብልጭታው ወዲያው ይጠፋል፤ ትራፊ ፍካቱም በቀናት ውስጥ ይደበዝዛል። ከዚያ በኋላ ኮከቡ የኖረበትን ጋላክሲ ለይቶ ማግኘት ያስፈልጋል። የመሊካ ሥራ ይኸው ነበር።

እሷ በያዘችው ፍንዳታ ቦታ ላይ ሁለት ጋላክሲዎች ይታያሉ። አንዷ ትልቅና ደማቅ ናት፤ ሌላዋ ከጉድፍ አትለይም። አማካሪዋ ዶክተር ማንያህልሻል የኮከቡ ቤት ደማቋ ናት ይሉ ነበር። የፍንዳታው ብርሃን ከዘጠኝ ቢሊዮን ዓመት በላይ መጓዙ የታወቀ ነው። መሊካ ደግሞ ደማቋ ጋላክሲ ያን ያህል ሩቅ አትመስለኝም፣ መንገድ ላይ የቆመች ናት እንጂ ኮከቡ የኖረው ጉድፏ ውስጥ ነው ብላ ትከራከር ነበር። በእጇ ማስረጃ አልነበራትም። ከደማቋ ጋላክሲ ብርሃን ተለይቶ የሚነበበው አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ እሱም የቅርብ ሃይድሮጅን ወይም የሩቅ ሌላ ንጥረ ነገር አሻራ ተብሎ በሁለት መንገድ ሊተረጎም ይችላል።

ከሱቁ ቀጥሎ ደበበ የሚባል በር በያጅ ነበር። ጴንጤ ነው፤ ብረት ሲቆርጥ መዝሙር ያንጎራጉራል። መብራት ሲጠፋ ከጄነሬተሩ ገመድ ስቦ ላፕቶፗን የሚያበራላት እሱ ነው። ሚስቱ አረጋሽ ሃይ ማላካል የሚባለው ሰፈር ልብስ ትሰፋ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሁለት የታጠቁ ቡድኖች በአንድ እስረኛ ተጣልተው ገበያው መሀል ተኩስ ከፈቱ። ሰው በሞተር የሚያመላልሱት ቦዳቦዳዎች ሞተራቸውን ጥለው ሮጡ። ከሱቁ ፊት ለፊት ቲማቲም የምትሸጥ ሴት አንገቷን ተመትታ መደቧ ላይ ወደቀች፤ ለማንሳት የጎነበሰው ሰውም ላይዋ ላይ ወደቀ። ደበበ ሮጦ ማምለጥ ይችል ነበር። እሱ ግን ወደ ሱቁ ገብቶ ሐጂ ሱሩርን በጀርባው አዝሎ ከዱቄት ጆንያ ኋላ አስተኛቸው። መሊካን ዝቅ በይ ብሎ ጮኸባት።

አራት ታጣቂዎች የብረቱን በር በሰደፍ ሰብረው ገቡ። ስኳሩን አወጡ፣ ስልክ ሰበሰቡ። አንደኛው፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለው ረጅም ሰውዬ፣ ወደ መጋዘኑ ዘለቀና ላፕቶፑን ክፍት አገኘው። ጥቁር ምስል፣ ነጭ ነጠብጣቦች፣ ሁለቱ በአረንጓዴ ክብ የተከበቡ፣ አጠገባቸው ቁጥር የተጻፈባቸው።

«ዴ ሹኑ?» ብሎ ጠየቃት፣ በጁባ አረብኛ፤ ይሄ ምንድን ነው ማለቱ ነው።

ኑጁም ናቸው፣ ከዋክብት ናቸው አለችው። በመዳፉ መታትና ከንፈሯ ተሰነጠቀ። ከሰማይ የተነሳ ፎቶ ነው፣ ክቦቹ የሚመቱ ቦታዎች ናቸው፣ ለማን ነው የምትሠሪው አላት። ደበበ መሀላቸው ገብቶ ተማሪ ናት ሊል ሲጀምር በሰደፍ ጎድኑን አሉት። ተንበርክኮም አልተዉትም። ሁለቱንም እያዳፉ ፒክአፕ ላይ ጫኗቸው። ሐጂ ሱሩር በክርናቸው እየተሳቡ እስከ በሩ ድረስ ሲከተሏቸው መሊካ አየቻቸው።

የወሰዷቸው ከወንዙ ወደብ አጠገብ ወዳለ ግቢ ነው። ግቢው ውስጥ የዕቃ ኮንቴይነር ነበር፤ እዚያ ከተው ቆለፉባቸው። ቆርቆሮው ቀን ሲግል እጅ አያስነካም። ባለጠባሳው እየመጣ ደበበን ያወጣዋል፤ መሊካ በዱላ ሲመታ ትሰማለች፤ ከዚያ መልሰው ይወረውሩታል። እሷንም ሁለት ጊዜ አወጧትና ጣቶቿን በርጩማ እግር ስር አድርገው ተቀመጡበት። ከደበበ የሚፈልጉት አንድ ቃል ብቻ ነበር።

«በላቸው» አለችው መሊካ ማታውን፣ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አድርጋ። «ሰላይ ናት በላቸውና ይልቀቁህ።»

ደበበ አፉ ውስጥ የሞላውን ደም ተፋ። «ያላየሁትን አልመሰክርም» አላት። ከዚያ ስለ አረጋሽ ጠየቃት፤ ተኩሱ ሃይ ማላካል ደርሶ እንደሆነ። አልደረሰም አለችው፤ የምታውቀው ነገር ግን አልነበረም።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ሆዱ እንደ ድንጋይ ጠጠረ፣ ትንፋሹ አጠረ። መሊካ በጫማዋ በሩን እየደበደበች ውሃና ሐኪም ለመነች። ከውጭ አንድ ሰው ዝም በይ አላት። ደበበ እጇን ይዞ ነበር፤ ጣቶቿ የተቀጠቀጡ መሆናቸውን ረስቶ አጥብቆ ያዛት፤ ከዚያ እጁ ላላ። በሩን የከፈቱት ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው።

ሬሳ ሲመጣ ነገሩ የታጣቂዎቹ አለቃ ኮማንደሩ ዘንድ ደረሰ። መሊካን ቢሮው አስገቧት፤ ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አስተርጓሚ ሆና የተጠራችው የኮማንደሩ ጸሐፊ አቤኒ ናት። ጋምቤላ ስደተኛ ሆና አድጋ እዚያው የተማረች ናት፤ አማርኛዋ የጠራ ነው። ፊቷ ላይ ግን ምንም አይነበብም።

«ይሄ ቁጥር ሠላሳ አንድ ነጥብ ስድስት ነው፤ የጁባ መስመር ነው ይልሻል» አለቻት። «እኔ ካርታ አውቃለሁ፣ አትዋሺኝ ይላል።»

መሊካ ያን ጊዜ ነው የገባት። የኮከቡ የሰማይ አድራሻ በአንዱ ቁጥሩ ከጁባ ኬንትሮስ ጋር ገጥሞ ነበር። ደበበ የሞተው በዚህ ነው።

«ሰማይም እንደ ምድር መስመር አለው» አለች። «ሁለተኛውን ቁጥርም እዪው፤ ከዜሮ በታች አርባ ሰባት ነው። ሁለቱንም በእሱ ጂፒኤስ አስገቢያቸው። ገልብጠሽም አስገቢያቸው። ጁባ ከመጣ የፈለገውን ያድርገኝ።»

አቤኒ ኮማንደሩን አስፈቅዳ መሣሪያውን አነሳችና ቁጥሮቹን ጻፈች። ከደቡብ አፍሪካ ወዲያ ባሕር መጣ። ገለበጠቻቸው፤ አትላንቲክ ውቅያኖስ መሀል መጣ። ሦስተኛ ጊዜ ኮማንደሩ ራሱ ጻፈው። ባሕር ነው።

ታዲያ እዚያ ምን አለ ብሎ አስጠየቃት። የሞተ ኮከብ የኖረበት ቦታ ነው አለች። ኮማንደሩ ላፕቶፑን በክንዱ ጠርጎ ሲሚንቶው ላይ ጣለውና ትሂድ አለ። ስለ ሬሳው ስትጠይቅ አቤኒ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ አሁን ካልወጣሽ ሐሳቡን ይቀይራል አለቻት።

አስከሬኑን ለማግኘት አስራ አንድ ቀን ፈጀ። መሊካና አረጋሽ በየቀኑ ከግቢው በር ላይ ቆሙ። በመጨረሻ አቤኒ ወረቀቱን አስፈርማ በላስቲክ የተጠቀለለውን አስከሬን ሰጠቻቸው፤ ከዚያ ወዲህ እሷን ያያት የለም። ደበበን የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ቀበሩት። መሊካ ከሐጂ ሱሩር ጋር ወደኋላ ቆማ ነበር።

ከሳምንት በኋላ አረጋሽ ሱቁ መጣችና የተያዛችሁበትን ነገር ልወቅ አለች ነፍሴ ብላ ጠየቀቻት። መሊካ አንዱንም ሳትደብቅ ነገረቻት።

«ኮምፒውተሩን ዘግተሽው ቢሆን ኖሮስ?» አለቻት አረጋሽ።

«ይኖር ነበር።»

አረጋሽ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። ከዚያ ባሏ በይዶት የነበረውን፣ አሁን የተሰበረውን የሱቁን በር እያየች፣ ስለ እውነቱ አመሰግናለሁ፣ ግን ለጊዜው እቤቴ አትምጪ ብላት ሄደች። መሊካ አልሄደችም፤ አምስት ወር አልሄደችም። ኋላ አረጋሽ ራሷ ሰው ልካ አስጠራቻት።

ዶክተር ማንያህልሻል የፋይሎቹ ቅጂ ስለነበራቸው በሌላ ላፕቶፕ ላኩላት። መሊካ ሁለት ወር አልከፈተችውም። ስትከፍተው ግን ሌላ ሥራ የሌላት ያህል ያዘችው። የደማቋ ጋላክሲ መስመር የሃይድሮጅን ከሆነ፣ ሌላ ደካማ የኦክስጅን መስመር በታወቀ ቦታ ላይ መገኘት አለበት። ምስሎቹን አንድ በአንድ አጽድታ ደምራ፣ ከጫጫታው መሀል አገኘችው። ደማቋ ጋላክሲ አራት ተኩል ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ብቻ የምትርቅ፣ መንገድ ላይ የቆመች ነበረች። አማካሪዋ በአንድ መስመር፣ ተሳስቼ ነበር፣ ልክ ነሽ ብለው ጻፉላት። ያንን ደብዳቤ ስንት ጊዜ በሐሳቧ አንብባው ነበር፤ ሲመጣ ምንም አልተሰማትም። ማስተርሷን ተቀበለች።

ጁባን አልለቀቀችም። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሱቅ ቆማ ሳለች፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለው ረጅም ሰው ሲቪል ለብሶ ገባ። ሰላም ብሏት ሁለት ጆንያ ስኳር ጠየቀ። አላወቃትም። ጣቶቿ የቀድሞ ቦታቸው ላይ በትክክል አልገጠሙም ነበር፤ ባንኮኒው ላይ ዘረጋቻቸው።

«ማፊ» አለችው። የለም።

ስኳሩ ከኋላዋ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ሰውዬው ጆንያዎቹን አየ፣ እሷን አየ፣ እጇን አየ። ፊቱ ተለወጠ። ለአፍታ እጁ ወደ ወገቡ ሄደ፤ እሷ ግን አልተነቃነቀችም። ደንበኞች ገቡ። እሱም ወጣ።

ሐጂ ሱሩር ምርኩዛቸውን ይዘው ከመጋዘኑ ብቅ አሉና ማን ነበር አሏት። ነገረቻቸው። ምርኩዛቸውን ወደ ባንኮኒው አስጠግተው፣ አጠገቧ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ እስኪመሽም ከዚያ አልተነሡም።