ቀላሏ አረርና ከባዷ አረር

በቀደም ለት የቢሮዬ ኤር ኮንዲሽን ሲያንጠባጥብ አድሮ ጥግ ላይ ከምሬ የረሳኋቸውን አሮጌ ጋዜጦች አራሳቸው። ጠዋት በሩን ስከፍት የተቀበለኝ ሽታ፣ ትንሽ እንደ ጭቃ ትንሽ እንደ ብረት የሚለው የራሰ ወረቀትና የማተሚያ ቀለም ሽታ፣ ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ በቆምኩበት ወደ ልጅነቴ ግቢ ወሰደኝ። ሌላ ሰው የራሰ ጋዜጣ ሲሸተው ምን ትዝ እንደሚለው አላውቅም፤ እኔን ግን ትዝ የሚለኝ ጥይት ነው።

እናቴ የምትሠራው ጅቡቲ ከተማ፣ ሄሮን በሚባለው ሰፈር ነበር፤ ከባሕሩ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ዙሪያውን በረንዳ የከበበው፣ የመስኮት መዝጊያዎቹ በጨዋማው አየር ተላልጠው አረንጓዴ ይሁኑ ግራጫ የማይለዩ አሮጌ የፈረንሳዮች ቤት ውስጥ። እኔና እሷ ጓሮ ባለችው ክፍል እንኖራለን። አባቴ ደግሞ ካርቲየ 1 በሚሉት ሰፈር ከሾፌሮች ጋር በተከራያት ክፍል ያድርና ዓርብ ዓርብ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ፀጉሩን አርሶ አበጥሮ ይመጣል። የአሰብ መንገድ ተዘግቶ የኢትዮጵያ ጭነት ሁሉ ጅቡቲ ላይ የፈሰሰበት ጊዜ ስለነበር፣ ወደብ ላይ ጭነት የሚቆጣጠረው አባቴ እፎይ የሚልባት ቀን ዓርብ ብቻ ነበረች።

የቤቱ ጌታ ሙሴ ሉሲየን ይባላሉ። ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው ፈረንሳይ የሚኖሩ፣ ረጅምና ጎበጥ ያሉ ሽማግሌ ነበሩ። አዲስ አበባ ለብዙ ዓመታት ስላስተማሩ አማርኛ ይችላሉ፤ የሚችሉት ግን በወንድ አንቀጽ ብቻ ስለነበር እናቴንም እኔንም ድመቷንም «አንተ» ነው የሚሉን። እናቴ መጀመሪያ ሰሞን ልታርማቸው ሞክራ ነበር፤ በኋላ ተወችው፤ እንዲያውም ስትቆጣ እሷም ራሷ «ሙሴ፣ እኔ ሰለቸኝ፣ ሄደ!» እያለች በራሳቸው አማርኛ ትመልስላቸው ነበር።

ሙሴ የቀራቸው ፍቅር አደን ነበር። በዓመት አንድ ጊዜ ከኢትዮጵያ ፈቃድ ያወጡና ወደ አርሲ ተራሮች ሄደው የደጋ አጋዘን ፍለጋ ይንከራተታሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ እጃቸውን፣ ግን በብርድ የቀላ አፍንጫ ይዘው ደስ ብሏቸው ይመለሳሉ። ሳሎኑ ውስጥ ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥን ነበራቸው፤ በላዩ ሁለት ጠመንጃ፣ በታቹ ባለው መሳቢያ ውስጥ ደግሞ ጥይቶች። መጀመሪያ ሲያሳዩኝ፣ ቀለሃቸው እንደዚያ ሲያብረቀርቅ፣ ጫፋቸው እንደዚያ ሹል ብሎ፣ በሟች ባለቤታቸው መኳኳያ ጠረጴዛ ላይ የቀሩትን ሊፕስቲኮች መስለውኝ ነበር።

ስለ ጥይት ያስተማረኝ ግን አባቴ ነው። በወጣትነቱ እዚያው አርሲ ጫካ ውስጥ የውጭ አገር አዳኞችን የሚመራ ዱካ አዋቂ ነበር። አንዷን ጥይት በመዳፌ ላይ አስቀምጦ እንዲህ ያለኝ ዛሬም በጆሮዬ አለ፦

«ይሄ ነሐሱ ቀለህ ነው፤ ባሩዱን የሚይዝ። ሄዳ የምትመታው ግን ይቺ ጫፉ ላይ ያለችው አረር ናት። ሰው ሁሉ ስለ ጠመንጃው ያወራል፤ እንስሳው ግን ጠመንጃውን አያገኘውም፣ ልጄ። የሚያገኘው ይቺን ነው።»

አባቴም አግኝቷት ነበር ማለት ይቻላል። አንድ የሚመራው አዳኝ በቅርብ ርቀት አንድ ወንድ ድኩላ ተኮሰ። አረሯ ቀላልና በጣም ፈጣን ስለነበረች የትከሻውን አጥንት ስትነካ እንደ ብርጭቆ ተበታተነች፤ ላይ ላዩን አቆሰለችው እንጂ ወደ ልቡ አልዘለቀችም። አባቴ ደሙን ተከትሎ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። የቆሰለ ድኩላ ደግሞ ሁልጊዜ አይሸሽም፤ አድብቶ ይጠብቃል። ቀንዱን አባቴ ጭን ውስጥ ሰካው። ከሞት ተረፈ፤ ግራ እግሩ ግን ከዚያ ወዲያ ተራራ የሚወጣ እግር አልሆነም፤ ለዚህም ነው እናቴ ሥራ ወዳገኘችበት ወደዚህ ሜዳና ሙቀት የወረደው።

እንግዲህ እነዚህ ሁለት ሰዎች አንድ ዓርብ ያንን መሳቢያ ከፍተው ተቀመጡ። ያን ቀን የተጀመረው ክርክር ለዓመታት አልቆመም።

የሙሴ ወዳጅ ሰባት ሚሊ ማግነም የሚሏት ጥይት ነበረች፤ ትልቅ ቀለህ፣ ብዙ ባሩድ፣ ቀጭንና ቀላል አረር። «ይሄ ጥይት አይደለም፣ መብረቅ ነው!» ይላሉ ጠረጴዛውን እየመቱ። «አንተ ሩቅ ያየዋል፣ አንተ ይተኩሳል፣ እሱ ይወድቃል!»

«መብረቅ ጣራ ያቃጥላል እንጂ ምሰሶ አይሰብርም፣ ሙሴ» ይላል አባቴ። እሱ ከተወጋ ወዲህ የሚያምነው አያቴ በምንሽሩ ይተኩስ የነበረውን ዓይነት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ መዳብ የለበሰችውን የወታደር አረር ብቻ ነበር። የማትሰበር፣ የማትበተን። «አረር ማለት ገብታ የምትወጣ ናት» ብሎ ይደመድማል፣ እንደ ሃይማኖት።

እናቴ በዚህ ሁሉ መሃል ልብስ እየተኮሰች ታልፍና «በዚህ ቤት የታወቀ ተኳሽ እኔ ነኝ» ትላለች የካውያውን እንፋሎት ወደ ሁለቱም እየነፋች። ቀልዷ ግን እሾህ ነበረው። ስለ ጥይት የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ባሌን አንካሳ ማድረጓን፣ ትለኝ ነበር እኔን ለብቻዬ።

አሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆነኝ፣ ሙቀቱ በርዶ ሰው በረንዳ ላይ መቀመጥ በጀመረበት ወራት፣ ሙሴ ፈቃዳቸውን ይዘው መጡና አባቴን «ዘንድሮ አንተ ከእኔ ጋር ይሄዳል» አሉት። እናቴ ካውያውን አቆመች። አባቴ «እሄዳለሁ» አለ፤ «ግን አረሯን መርጠን ነው። በወሬ ሳይሆን አይተን።»

ጋዜጣ የገባው በዚህ ነው። በአደን ሰፈር አዳኞች ጥይት የሚፈትኑት በውሃ የራሰ ወረቀት ላይ እንደነበር አባቴ ያውቃል፤ የራሰ ወረቀት ለአረር እንደ ሥጋ ነው፣ ስትገባበት ትከፈታለች ወይ ትሰበራለች፣ ገልጠህ ታያለህ። ሙሴ ጋዜጣ የማይጥሉ ሰው ስለነበሩ ጓሮው ውስጥ የዓመታት ክምር ነበረ። የመንከሩ ሥራ የእኔ ሆነ። በእናቴ የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ሙሉ ከሐሙስ ጀምሬ ስዘፈዝፍ ዋልኩ፤ እጄ እስከ ክርኔ ጠቆረ፤ እናቴም «የሰው ልጅ ልብስ ያጥባል፣ የእኔ ልጅ ወሬ ታጥባለች» አለችና የማልረሳው ሳቅ ሳቀች፤ በዚያ ሰሞን የሳቀችው እሱን ብቻ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሙሴ አባል ወደሆኑበት፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ጥቁር ድንጋይ በሞላው ሜዳ ላይ ወዳለው የመተኮሻ ቦታ ሄድን። አባቴ ከሥጋ ቤት የግመል ወርች አጥንቶች አምጥቶ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ተኩስ ከፊት ለፊት አንድ አጥንት፣ ከኋላው ወፍራም የራሰ ጋዜጣ እያደረገ በገመድ ጠፈራቸው።

መጀመሪያ የሙሴ መብረቅ፣ ከቅርብ። ድምፁ በጆሮዬ ጥጥ ውስጥ ዘልቆ ደረቴን መታኝ። እስሩን ፈታን፤ አጥንቱ ላይ ሰፊ ስብራት ነበር፣ ከኋላው ያለው ጋዜጣ ግን ላይ ላዩን ብቻ ተቦጫጭቆ ውስጡ ንጹሕ ነበር። ከአረሯ የተገኘው እንደ ሩዝ የደቀቀ እርሳስና የመዳብ ቅርፊት ነው። አባቴ ቁርጥራጩን በመዳፉ ይዞ እግሩን አሸ፤ ያኔ ነው ሙሴ ዓይናቸውን የሰበሩት።

«ከሩቅ ደግሞ እንያት፤ ፍርድ ሙሉ ይሁን» አለ አባቴ ራሱ። ሌላ እስር ወስደን ሜዳው ማዶ አቆምን። ከዚያ ርቀት ፍጥነቷ ስለቀነሰ ያቺው አረር ሌላ ሆነች፤ ያነጣጠሩባት ነጥብ ላይ አረፈች፣ በሥርዓት ገባች፣ በሥርዓት ተከፈተች። «ለዚህስ ታምራለች» አለ አባቴ፤ ሙሴም ቀና አሉ።

ከዚያ የአባቴ ተራ ሆነ። በሁለተኛው ጠመንጃ፣ ሠላሳ ዜሮ ስድስት በሚሉት፣ መዳብ ለባሿን ተኮሰ። አጥንቱን ስናይ በምስማር የተበሳ ይመስላል። ጋዜጦቹን አንድ በአንድ ገለጥኩ፤ ያቺው ጠባብ ቀዳዳ፣ የትንሿ ጣቴን ጫፍ የማታስገባ፣ ከፊት እስከ ኋላ። አረሯ የለችም።

«ታደሰ» አሉት ሙሴ አባቴን በትሕትና፣ «አንተ አረር ሄደ። አሁን ሶማሊያ ደርሷል።»

አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እንዲህ የምትመታ አረር እንስሳውን እንደ መርፌ ወግታ እንደምታልፍ፣ እሱም ቁስሉን ይዞ ብዙ ሮጦ የትም ወድቆ እንደሚሞት ለማወቅ የሚነግረው ሰው አላስፈለገውም። ለዓመታት እንደ ሃይማኖት የያዘው ነገር በአንዲት ቀዳዳ አለቀ።

ሦስተኛዋን እንሞክር ያልኩት እኔ ነኝ። መሳቢያው ውስጥ ማንም የማይነካት፣ ሙሴ «የሰነፍ ጥይት» የሚሏት አንዲት ፓኮ ነበረች፤ ለዚያው ለሠላሳ ዜሮ ስድስቱ የምትሆን፣ አረሯ ከባድና ደልዳላ፣ ጫፏ ላይ እርሳሱ ገላጣ። ያዘንኩላት እንጂ ያወቅሁላት ነገር አልነበረም። ሙሴ ሳቁና ተኮሱ።

አጥንቱ ለሁለት ተሰብሯል። ከኋላው ጋዜጣው ጡጫ በሚያስገባ ስፋት ተከፍቷል፤ ሰፍቶ፣ ጠልቆ፣ ወደ መጨረሻው ጠቦ። እዚያ መጨረሻ ላይ እጄን ሰድጄ አወጣኋት፤ ግንባሯ ወደ ኋላ ተቀልብሶ እንጉዳይ የመሰለች፣ ግን ሳትጎድል የቀረች፣ ከባድ። ከሩቅ ስትተኮስ ዝቅ ብላ መሬት እንደምትስም ግን እዚያው አየን።

«እንግዲህ ጠጋ ብሎ መተኮስ ነው» አለ አባቴ። «እኔ ተሸነፈ» አሉ ሙሴ። «እኔም» አለ አባቴ። ሁለቱም በጣም ደስ ያላቸው ይመስሉ ነበር።

የሚሄዱ ዕለት እናቴ ስንቃቸውን መኪናው ላይ ጫነችና መስኮቱን ይዛ «ሙሴ፣ በእግሩ እንደወሰዱት በእግሩ ይመልሱልኝ። ሌላ የምለው የለኝም» አለች። እኔ ወደ ትምህርት ቤት፣ እሷ ወደ ካውያዋ ተመለስን። ሁለታችንም ስለ እነሱ ሳናነሳ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ግን እኩል እየተነሣን ሰነበትን።

የተመለሱት አንድ ዓርብ፣ ለምሳ ሰዓት ግድም ነው። አባቴ ከመኪናው ሲወርድ እናቴ መጀመሪያ ያየችው ፊቱን አልነበረም፤ እግሩን ነው። ማድ ቤት ገብቶ ውሃ ጠጣና ሙሴ በረንዳ ላይ ሳሉ፣ የሆነውን ቀስ ብሎ ነገረን።

በጉም ውስጥ አንድ ያረጀ አጋዘን አግኝተው ጠጋ አሉ። ሙሴ ተኮሱ። ዓይናቸው ከዳቸውና ከትከሻው ኋላ፣ ሆዱን መቱት። አረሯ የሚጠበቅባትን አደረገች፤ መጥፎ ቦታ የገባችን አረር ግን ጥሩነቷ አያድናትም። እንስሳው ጥቅጥቅ ያለ የአስታ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ።

«ደሙን አየሁት» አለ አባቴ። «መሄድ ነበረብኝ፤ ሥራዬ ነው። እግሬ ግን አልነሣ አለ። ሕመም መስሏችሁ እንዳይሆን። ፍርሃት ነው። ቆሜ ቀረሁ።»

«እሺ?» አለች እናቴ።

«ሙሴ ዞረው አዩኝ። ምንም አልጠየቁኝም። ‹ታደሰ፣ እኔ ያቆሰለ እኔ ይገባል። አንተ ከኋላ› ብለው ጠመንጃቸውን ይዘው ቀድመውኝ ገቡ። በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ዓይናቸው። እሳቸው ሲገቡ እግሬ ተነሣ፤ ተከተልኳቸው። አጋዘኑ ተኝቶ ነበር፤ ቀና ብሎ ሲያየን ቶሎ ጨረሱት። ከዚያ አጠገቡ ቁጭ ብለው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ‹ጥይቱ ጎበዝ ነው፤ ሰውየው ነው ያረጀ› አሉኝ። ሁለተኛ አይተኩሱም።»

እናቴ ተነሥታ ወደ መመገቢያ ክፍሉ ገባች፤ ሙሴ ብቻቸውን የሚበሉበት፣ እኛ ከመወልወል በቀር የማንደርስበት ረጅም ጠረጴዛ ላይ አራት ሳህን ደረደረች። ከዚያ በረንዳው ላይ ወጥታ «ሙሴ፣ ምሳ ቀርቧል» አለች። መጥተው ሳህኖቹን አዩ፤ እኛን አዩ፤ ወንበር ስበውላት «አንተ እዚህ ይቀመጣል» አሏት። ተቀመጠች። ከዚያ ዓርብ ጀምሮ አራታችንም የምንበላው እዚያ ሆነ።

ጠመንጃዎቹ ተሸጡ። ክርክሩ ግን አደኑ ካበቃም በኋላ ቀጠለ፤ እንዲያውም ማንም የማይተኩስ ስለሆነ የበለጠ ጣፈጠ። ሙሴ ጤናቸው ሲደክም ልጆቻቸው ወደ አገራቸው ወሰዷቸው፤ እዚያም እያሉ ዓርብ ዓርብ ይደውሉ ነበር፤ አባቴ ስልኩን ይዞ «ኧረ ሙሴ፣ ከቅርብ ትበተናለች አልኩዎት!» ብሎ ሲጮህ ካርቲየ 5 የተከራየነው ቤት ጎረቤት ሁሉ ይሰማዋል። ያ የሄሮን ቤት ፈርሶ ዛሬ በቦታው መስታወታም ሕንፃ ቆሟል፤ በመኪና ሳልፍ በረንዳው የት ጋ እንደነበር በትክክል መጠቆም እችላለሁ፤ የሚጠይቀኝ ግን የለም።

አባቴ በሞተ ሰሞን፣ ዓርብ ዕለት፣ ስልኩ ጮኸና ያነሣሁት እኔ ነበርኩ። ነገርኳቸው።

«እንግዲህ» አሉ፣ «እኔ ከማን ጋር ይጣላል?»

ጥቂት ወራት ቆይቶ የሳቸውም ስልክ ቀረ። ዛሬ ሥራዬ ጥሩ ነው፤ ቤቴ ሰላም ነው፤ እናቴም አብራኝ አለች፤ የሚስማሙኝ ሰዎችም በዙሪያዬ ብዙ ናቸው። እንደዚያ ወድዶኝ የሚጣላኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም።