ብርድ የሚያውቀው ብረት

ልጅ እያለሁ የኅዳርን ውርጭ የምጠላው ጣቶቼን ስለሚቆረጥም አልነበረም፤ በመኪናችን የተነሣ ነበር። አባቴ ሲሞት ለእናቴ የቀረችው ያቺ የጀርመን ሥሪት አሮጌ መኪና ብርድ በገባ ቁጥር አልነሣም ትላለች። እናቴ ደግሞ አዋላጅ ነርስ ነበረች፤ ቤታችን ደብረ ማርቆስ፣ ሥራዋ በመኪና የሚኬድበት አምበር ጤና ጣቢያ። በየማለዳው ከደጃችን የሚቆሙት የቆሎ ተማሪዎች ቁራሻቸውን ከመቀበላቸው በፊት ይገፉልናል፤ ጎረቤቱም ጋቢውን ወደ ትከሻው ወርውሮ ይጨመራል። መኪናዋ እየተንገጫገጨች ትነሣለች፤ እናቴ እግሯን ከነዳጁ ላፍታ ካነሣች ግን እዚያው ፀጥ ትላለች።

ያልተሞከረ ነገር አልነበረም። አክስቴ ቡዳ በልቷት ነው ብላ ጠበል ረጭታባታለች። እናቴ በበኩሏ ማታ ማታ የአባቴን በርኖስ ሞተሩ ላይ ታለብስ ነበር፤ የጎጃም ሰው ብርድን የሚያሸንፍበት ሌላ ምን ያውቃል? ጠዋት ኮፈኑ ሲከፈት የሱፍና የቤንዚን ሽታ ተቀላቅሎ ይወጣል። እኔ ያን ሽታ እወደው ነበር፤ አባቴ አሁን ከመኪና የወረደ ይመስለኛል።

አንድ ማክሰኞ መኪናዋ መንገድ ላይ ቀረች፤ እናቴን ስትጠብቅ የነበረች አንዲት ወላድም ጤና ጣቢያው በር ላይ ተገላገለች። እናትም ልጅም ደኅና ነበሩ፤ እናቴ ግን ደኅና አልነበረችም። ለአክስቴ፣ «አምበር ቤት እከራያለሁ፤ ልጅቷን አንቺ ያዥልኝ፤ እሁድ እሁድ እየመጣሁ አያታለሁ» ስትላት ሰማሁ። ስምንት ዓመቴ ነበር። አባቴን ከቀበርን ዓመት እንኳ አልሞላም፤ አሁን ደግሞ እናቴ በሳምንት አንድ ቀን ልትሆንብኝ ነው። ከቆጡ ሥር ገብቼ አለቀስኩ።

ቤቱን ከመከራየቷ በፊት ለመጨረሻ ሙከራ ጋሽ ይርሳውን አስጠራች። ከገበያው ጀርባ ጋራዥ የነበራቸው፣ ከመናገራቸው በፊት ጢማቸውን የሚያሹ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። ሌሎቹ መካኒኮች ሞተሩ ካልወረደ ሲሉ፣ እሳቸው ቁልፍ ሳያወጡ፣ «ስትሞቅስ እንዴት ናት ሲስተር?» አሉ።

«ስትሞቅማ የጨዋ ልጅ ናት።»

«እንግዲያ ሞተሩ ምን በደለ?» አሉና በርኖሱን አይተው ሳቁ። «ይኸ ያለውን ሙቀት ይይዝ እንደሁ እንጂ ሙቀት አይወልድም።»

ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ ከግራና ከቀኝ ቱቦ የተሰካበት ቡጢ የሚያክል ብረት ፈተው አወጡ። ሞተር ሲበርደው በዚህ በኩል ተጨማሪ አየር ይስባል፤ ሲሞቅ ውስጡ ያለችው በር ትዘጋለች አሉን። የኛዋ በር በጥላሸትና በዘይት ተጣብቃ፣ ተዘግታ ቀርታለች። ብረት ይቧጭረዋል ብለው የዶሮ ላባ ቤንዚን ውስጥ እየነከሩ ጠራረጉት። ከሰዓት በኋላው በዚሁ አለቀ። እናቴ ስትቁነጠነጥ፣ «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያሉ አሾፉባት። ሲጨርሱም አልገጠሙትም። «ውርጭ ይመስክርለት» ብለው የአጥሩ ድንጋይ ላይ አሳደሩት።

በማግሥቱ ሣሩ በአመዳይ ነጥቶ ሳለ ጠሩኝ። «ነይማ፣ ዓይንሽ ከኔ ይሻላል። ምን ይታይሻል?»

በቀዳዳው አየሁ። የጎረቤታችን ባሕር ዛፍና ቁራጭ ሰማይ ይታያል። ብረቱን በፌስታል ጠቅልለው ጣሳ ሙቅ ውኃ ውስጥ አቆዩና መልሰው ሰጡኝ። ባሕር ዛፉ የለም። እንደገና ነከሩት፤ ሰማዩ እንደ ክር ቀጠነ። ሦስተኛው ላይ ጨለማ ሆነ። ማንም አልነካውም። ብረቱን አገላብጬ አየሁት።

«ማን ነገረው?» አልኩ።

«ማንም። ሁለት ዓይነት ብረት ተጣብቆ ነው ያለ። ሲሞቁ አንዱ ከሌላው ይበልጥ ይረዝማል፤ ያን ጊዜ ይጎብጡና በሯን ይገፏታል። አስማት አይዶለም ልጄ፤ ያሰበበት ሰው አለ።»

አስማት ቢሆን ኖሮ ያን ያህል አልደነቅም ነበር። የማላውቀው ሰው፣ በማላውቀው አገር ቁጭ ብሎ፣ ማለዳ ስለሚበርዳት የኔ እናት አስቧል ማለት ነው።

ብረቱ ከውኃው ወጥቶ፣ ቀዝቅዞ ሲገጠም ተማሪዎቹ መጥተው ከመኪናዋ ኋላ ተሰልፈው ነበር። እናቴ አማተበችና ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ ባንዴ ተነሣ፤ መጀመሪያ ከፍ ብሎ ጮኸ፣ ከዚያ ማንም ሳይነካው በራሱ እየረጋ፣ እየረጋ ወረደ። ተማሪዎቹ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። እናቴ በመስኮት ብቅ ብላ፣ «እግሬን እኮ አንሥቻለሁ! አንሥቻለሁ!» አለችና እንባዋ መጣ። የዚያን ቀን አመሻሹ ላይ ከአምበር ተመለሰች፤ ከዚያ በኋላም በየማታው እቤቷ ገባች። ቤት ኪራዩን ዳግመኛ ያነሣው አልነበረም።

አሁን አዲስ አበባ ነው የምኖረው። መኪናዬ አንድ ቁልፍ ስጫን ትነሣለች፤ ብርዱም ዳገቱም አያስቆማትም። እናቴ ጡረታ ወጥታ ማርቆስ ብቻዋን አለች። በስልክ መቼ ትመጫለሽ ትለኛለች፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው እላለሁ፤ «ግድ የለም ልጄ» ትለኛለች። ካየኋት ሰባት ወር አልፏል። እሷ ለእኔ ስትል በዚያ ውርጭ ስትመላለስ ሰበብ የሚሆናት የታመመ መኪና ነበራት፤ አንድ ቀንም ሰበብ አድርጋው ከኔ ርቃ አላደረችም። እኔ ሰበብ የማደርገው የታመመ መኪና እንኳ የለኝም።