የገለቴ ግድግዳ

እኔ ለመጻፍ የምበቃ ሰው አይደለሁም፤ ይቅር በሉኝ። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼን ከወለድኩ በኋላ ነው። እጄ አንዱን ቃል እስኪጨርስ ሐሳቡ ጥሎኝ ይሄዳል። ገለቴ ናት «አንቺው ጻፊው፤ ሌላ ሰው ከጻፈው ያሳምረዋል» ያለችኝ። እኔ እንደማላሳምረው አምናኛለች ማለት ነው። እንግዲህ የነገረችኝን እንደነገረችኝ ላስቀምጠው።

ገለቴ ላሊበላ ከገበያው በላይ ባለው ሰፈር የምትኖር ፈታይ ናት። የእሷን ክር ሸማኔዎች ቀድመው ይሻሙታል። ዕድሜዋን የጠየቃት ሰው ቢኖር አርባ አምስት ትላለች፤ አርባ አምስት ማለት ከጀመረች ግን አራት ዓመት ሆኗታል። ባለፈው ዓመት ከመስቀል በኋላ ግራ ጡቷ ውስጥ ሽንብራ የምታህል ነገር አገኘች። ሽንብራዋ ባቄላ እስክታህል ዝም አለች። ከዚያ ለባሏ ለደሳለ ነገረችው፤ እሱም ሳይውል ሳያድር በግ ሸጦ ደሴ ወሰዳት። ካንሰር ነው ተባለ። ጡቷ በቀዶ ሕክምና ወጣ። መድኃኒቷን እየወሰደች በየሦስት ወሩ እንድትታይ ተነግሯት ተመለሰች።

ገለቴ ከበሽታው ይልቅ የፈራችው ወሬውን ነው። ቦኖ ውሃ ላይ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ሰልፍ አስይዘው «ያቺ ጡቷ የተቆረጠው» ሲሏት ገና ሆስፒታል አልጋ ላይ ሳለች ይሰማት ነበር። ማንም እንዳያውቅ ደሳለን አስማለችው። ለሰፈሩ ደግሞ ከመሄዷ በፊት «ደሴ ያለችው እህቴ ወልዳ ላርሳት ነው» ብላ ነበር። እህቷ ሃምሳን መዝለሏን ያሰበችው ሚኒባሱ ከተነሣ በኋላ ነው።

ስትመለስ ጎረቤቷ እትዬ አመተ ማርያም ገና ከደጃፍ ያዟት።

«ምን ወለደች እህትሽ?»

«ሴት» አለች ገለቴ።

በዚያው ቀን ደሳለን ቦኖው ላይ ጠየቁት፤ እሱ ወንድ አለ። ሲመሽ እትዬ አመተ ማርያም ቂም የያዙ መስለው መጡ።

«መንታ መሆኑን ምን አስደበቀሽ? ቡዳ መሰልንሽ?»

ገለቴ ባሏን አየችው። ባሏ ጣሪያውን አየ። «መንታ ናቸው፣ እትዬ» አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ እትዬ አመተ ማርያም የመንታዎቹን ደኅንነት ሳይጠይቁ ውለው አያውቁም።

ከባድ ነገር እንዳታነሣ ስለተከለከለች ውሃ የሚቀዳው ደሳለ ሆነ። «ደሳለ፣ ቀሚስ እናዋጣልህ?» ሲሉት «አበባ ያለበት ይሁን» እያለ ጀሪካኑን አህያው ላይ ይጭናል። ቁስሏንም የሚያጥብላት እሱ ነው። እሷ ግን ዓይኗን ጨፍና ነው የምትታጠበው፤ ወደዚያ በኩል አንድ ቀን እንኳ አላየችም።

«እይው እንጂ» ይላታል። «ስፌቱ ያምራል። የደሴው ሐኪም ሸማኔ ቢሆን ኖሮ ክርሽን ለሌላ አትሰጪም ነበር።»

«ዝም ብለህ እጠብ።»

ባዶውን ቦታ የሞላችው በገዛ ባዘቶዋ ነው። ለመፍተል ካዘጋጀችው ጥጥ ትቆነጥርና አድበልብላ በጡት መያዣዋ ውስጥ ታደርገዋለች። ጥጥ ደግሞ ጡት አይደለም፤ ጠዋት ደረቷ ላይ ያስቀመጠችውን ከሰዓት ወገቧ ላይ ታገኘዋለች።

የባሰው ክንዷ ነበር። ፈታይ በቀኟ እንዝርቷን ታሾራለች፣ በግራዋ ባዘቶውን ይዛ ክሩን ወደ ላይ ትስባለች። የገለቴ ግራ እጅ ከትከሻዋ በላይ አልሄድ አለ። ክሯ እያጠረ እየተጓጎለ መጣ፤ ሸማኔው በትሕትና «ሌላ ሰው አስፈተልሽ እንዴ?» አላት። ደሴ ፈትሂያ የምትባል የሰውነት እንቅስቃሴ የምታሠራ ባለሙያ፣ ሳቂታ ልጅ፣ እንዲህ ብላት ነበር፦ «ከግድግዳ ፊት ለፊት ትቆሚያለሽ። በጣቶችሽ እንደ ሸረሪት ቀስ እያልሽ ወደ ላይ ትወጫለሽ። ሲይዝሽ ቆም፣ ትንፋሽ፣ ከዚያ ትንሽ ጨምሪ። ጠዋትም ማታም፣ አርባ ሁለት ቀን።»

ቤቷ ውስጥ ሞከረችው። የቤቱ ግድግዳ ጭቃ ነው፤ ጣቷ በወጣ ቁጥር ምርጊቱ ይፈረፈራል። በሦስተኛው ቀን ደሳለ ጠርጎ ጠርጎ ሲሰለቸው «እጅሽ ሳይድን ቤቱ ይፈርሳል» አላት። የውጪው ግድግዳ መንገድ ዳር ነው፤ ሰው ያያል። አስባ አስባ የማይፈረፈር ግድግዳ የት እንዳለ ትዝ አላት። ወደ ደብሩ በሚያስገባው መተላለፊያ ግራና ቀኙ የተጠረበ ዓለት ነው። ከኪዳን ጸሎት በኋላ ሰው ተሳልሞ ሲበተን እሷ ወደ ኋላ ትቀራለች። ነጠላዋን ተከናንባ፣ ፊቷን ወደ ዓለቱ አዙራ፣ ጣቶቿን ታስወጣለች። ዓለቱን የሚሳለም ሰው እዚያ ሞልቷል፤ ማን ልብ ይላል ብላ ነው።

በአራተኛው ቀን እትዬ አመተ ማርያም ልብ አሉ። አጠገቧ መጥተው ድምፃቸውን ቀነሱ።

«ስንት ቀን ነው?»

ገለቴ ደንግጣ «አርባ ሁለት» አለች።

«ማን አዘዘሽ?»

«ደሴ ያለች አንዲት ሴት።»

«ስሟን መናገር አይቻልም?»

«ባይነገር ይሻላል፣ እትዬ።»

እትዬ አመተ ማርያም ራሳቸውን ነቀነቁ። ስሟ የማይነገር፣ ደሴ ያለች፣ ቀን ቆርጣ የምታዝ ሴት። በማግስቱ ከገለቴ ጎን ቆመው ጣታቸውን አስወጡ። ጀሪካን ሲሸከሙ የያዛቸው፣ ሁለት ዓመት ያልለቀቃቸው የትከሻ ሕመም ነበረባቸው፤ በሳምንቱ ጸጉራቸውን በራሳቸው እጅ አሰሩ። ከዚያ በኋላ ማን ያቆማቸዋል። በሦስተኛው ሳምንት ግድግዳው ላይ ዘጠኝ ሴቶችና ጥርሱን የታመመ አንድ ሰውዬ ተደርድረዋል።

ገለቴ እያንዳንዱን ጠዋት «ዛሬ እነግራቸዋለሁ» እያለች ትመጣለች። ግን ምን ብላ? እንቅስቃሴ ነው ካለች የምን እንቅስቃሴ ይሏታል። እሱን ከነገረች ጡቷን ነገረች ማለት ነው። ስለዚህ ዝም ትላለች፤ ዝም ባለች ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ያከብሯታል። አንድ ቀን እጇ ከፍ ሲል ባዘቶው በቀሚሷ ሾልኮ መሬት ወረደ። ጎንበስ ሳትል እትዬ አመተ ማርያም ቀድመው አነሡት።

«ከግድግዳው ነው የወጣው» አሉ በለሆሳስ። ለሁሉም እየቆነጠሩ አደሉ፤ የራሳቸውን በክር ቋጥረው አንገታቸው ላይ አሰሩት። ገለቴ አንድ ጎኗ ጎድሎ፣ ነጠላዋን ደረቷ ላይ ጨብጣ ቤቷ ገባች። ደሳለ ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እሷም ልትቆጣው ጀምራ ሳቀች፤ ከደሴ ከተመለሰች ወዲህ የመጀመሪያዋ ሳቅ ነበረች።

ወሬው ከአባ ገብረ ሊባኖስ ጆሮ ደረሰ። የደብሩ አገልጋይ ናቸው፤ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ግን የማይረሱ ሰው። አንድ ጠዋት መጥተው ሰልፉን ከዳር እስከ ዳር አዩት።

«ገለቴ፣ ይህ ነገር ለምንድን ነው?»

«ለእጅ ነው፣ አባታችን።»

«ለእጅ ከሆነ ይህ ጥርሱን የታመመው ምን ይሠራል?»

ሰውዬው ጣቱን ከግድግዳው ሳያነሣ «ትንሽ ለቀቅ አድርጎኛል፣ አባ» አለ።

አባ ገብረ ሊባኖስ ጺማቸውን ዳበሱ። «ከየት እንደመጣ ሳላውቅ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር አዲስ ሥርዓት ሲቆም ዝም ልል አልችልም። ነገ ትነግሪኛለሽ።»

በነጋታው ገና አባ ሳይጠይቁ እትዬ አመተ ማርያም ማኅሌትን በእጇ እየጎተቱ መጡ። ማኅሌት በደብሩ በር ላይ ጧፍ የምትሸጥ፣ ሁለተኛ ልጇን ጡት ካስጣለች ዓመት ያልሞላት ወጣት ናት።

«ገለቴ፣ ይህችንም አስተምሪያት። ጡቷ ውስጥ አንድ ነገር አግኝታለች። ሰኞ ጤና ጣቢያ ልሂድ ስትል፣ ተይ የምን ጤና ጣቢያ፣ አርባ ሁለቱን ቀን ትቁም ብያታለሁ።»

የገለቴ ጣቶች ዓለቱ ላይ እንዳሉ ቆሙ። የዚያን ቀን ከመቼውም ይበልጥ ከፍ ብላ ነበር። እዚያው እንደተንጠለጠለች ዝም ብትል ምን እንደሚሆን አሰበች። ማንም አያውቅባትም። ማኅሌት አርባ ሁለት ቀን ትቆማለች፤ ሽንብራዋ ባቄላ ትሆናለች።

እጇን አወረደች። ወደ ነጠላዋ ሥር ሰደደችና ባዘቶውን አውጥታ በመዳፏ ያዘች።

«ከግድግዳው አልወጣም» አለች። «ከዚህ ነው የወጣው። ግራ ጡቴ የለም። ካንሰር ይዞኝ ደሴ ቆርጠው አወጡት። ያዘዘችኝ ሴት የሆስፒታል ሠራተኛ ናት፤ ክንዴ እንዲፍታታ ነው። ስሟ ፈትሂያ ነው።»

አባ ገብረ ሊባኖስ ከኋላቸው መድረሳቸውን ያየችው ይህን ከተናገረች በኋላ ነው። እትዬ አመተ ማርያም አንገታቸው ላይ የታሰረውን ጥጥ ያዝ አደረጉ።

«እና ይህ?»

«የኔው ነው፣ እትዬ። ከቅዳሜ ገበያ የገዛሁት።»

«ሌሊት ተንተርሼው ነው የማድረው።» ትከሻቸውን ነካ አደረጉ። «ትከሻዬስ?»

«እሱ እውነት ነው። ትከሻዎ ይድናል፤ አያቋርጡ።»

«መንታዎቹስ?»

ገለቴ አንገቷን ደፋች። «የሉም።»

«ለሁለቱም ጧፍ አብርቼ ነበር። ከዚህችው ከማኅሌት ነው የገዛሁት።» እትዬ አመተ ማርያም ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አደረጉ። ገለቴ የሚያለቅሱ መስሏት ቀና ስትል ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ሳቁ ተለወጠና እውነትም አለቀሱ። «ብቻሽን፣ ልጄ። እኔ አጠገብሽ ቆሜ።» አቅፈዋት ባዶው ጎኗ ላይ ጉንጫቸውን አሳረፉ። ገለቴ ማንም እዚያ እንዲደርስ አልፈቀደችም ነበር፤ አሁን ግን አልሸሸችም።

አባ ገብረ ሊባኖስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ክንድ ለማፍታታት ከሆነ ከቅጽሩ ውጪ ዓለት ሞልቷል፤ እዚያ ውጡ። አንተ ጥርስህን አስነቅል። ማኅሌት፣ የደብሩ ጸበል የትም አይሄድብሽም፤ መጀመሪያ ሐኪም ይይሽ።»

ማኅሌት ገለቴን ብቻ ነበር የምታየው። «እኔንም ይቆርጡኛል፣ እትዬ ገለቴ?»

«አላውቅም፣ የኔ ዓለም። ብዙው እብጠት ክፉ እንዳልሆነ ነግረውኛል። የኔው ግን ክፉ ሆነ። እዚህ ቆመሽ አታውቂውም።»

«ጤና ጣቢያ ብቻዬን አልገባም።»

«ጤና ጣቢያም ወደ ደሴ ነው የሚጽፍልሽ። በቀጥታ ደሴ አብረን እንሄዳለን።»

በማግስቱ ጠዋት ገለቴ ተነሥታ ታጠበች፤ ዓይኗን ከፍታ ነው የታጠበችው። ደሳለ ፎጣ አቀበላት። ባዘቶውን ትታ ነጠላዋን ለብሳ መናኸሪያ ወረደች፤ ማኅሌት ቀድማት ቆማለች። ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው የሚሳፈርበት የወልድያው ሚኒባስ ሞልቶ ሾፌሩ በድሩ በሦስት ሰው መቀመጫ አራተኛ ሊያጨናንቅ «ጠጋ በሉ፣ ጠጋ በሉ» ይላል። ገለቴ ከበሩ ሳትገባ ቆመች።

«ወንድሜ፣ በዚህ በኩል ጡት የለኝም፤ ቁስሉ ገና ነው። ሰው አትጫንብኝ።»

ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሁሉ ሰማ። በድሩ አንድ ጊዜ አያት፤ ከራሱ ወንበር ጀርባ በግራ መስኮት በኩል ተቀምጦ የነበረውን ጓደኛውን ወደ ኋላ አዛወረና ቦታውን ሰጣት። ገለቴ ግራ ጎኗን ወደ መስኮቱ አድርጋ ገባች፤ ማኅሌትንም ስባ በቀኟ አስቀመጠቻት።