የአሻግሬ ሰማያዊ ዓሣ

አሻግሬ አንድ ነገር ከጀመረ ማቆም አያውቅም። ፋርመርስ ብራንች ከተማ በሚሠራበት መጋዘን አለቃው ከዕቃ ማንሻው ፎርክሊፍት ላይ የሚያወርደው በልመና ነው። ጋርላንድ ከተማ ባለው ቤቱ ውስጥም ያው ነው፤ አንድ ጊዜ የሚንጠባጠብ ቧንቧ ላጥብቅ ብሎ ገብቶ የመታጠቢያ ቤቱን በር ነቅሎ ወጥቷል።

በፈረንጆቹ 1997 አንድ ቅዳሜ፣ ሚስቱ ሰብለወርቅ ፎርት ዎርዝ ወዳለው ሆስፒታል ሥራ ስትወጣ፣ «ማታ ጋሽ መኳንንት እራት ይመጣሉ። ከሰዓት ዓሣውን ከፍሪጅ አውጣልኝ፤ መጥቼ እጠብሰዋለሁ» አለችው። ጋሽ መኳንንት የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው። ዓሣው ደግሞ ከነጭንቅላቱ፣ ከነቅርፊቱ፣ ክንድ የሚያህል ነው።

ልጃቸው ሐዳሳ ግን ትናንት ትምህርት ቤት ሌላ ነገር ተምራ መጥታለች።

«ዳዲ፣ ዓሣ ፔይንት አድርገን ወረቀት ስናደርግበት ፒክቸሩ ይመጣል። የቲቸሬ ዓሣ ፕላስቲክ ነው። እኛ ሪል አለን!»

«የእንግዳ እራት ቀለም ይቀባል እንዴ?»

«በውሃ ይለቃል። ፕሮሚስ!»

«ኦኬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ።»

አሻግሬ ሰማያዊውን ቀለም እንደ ግድግዳ ቀቢ ገለበጠበት። ወረቀቱ ሲነሣ የታየው ዓሣ ሳይሆን ኩሬ ነበር።

«ዳዲ፣ ኖ! መጀመሪያ ድራይ ይሆናል። ቀለሙ ደግሞ ትንሽዬ!»

ዓሣውን አጥቦ በሶፍት አደረቀው። በብሩሽ ስስ አድርጎ ቀባው፤ ወረቀት አልብሶም ከጭንቅላቱ እስከ ጅራቱ በመዳፉ ዳበሰው። ቀስ ብሎ ሲገልጠው እያንዳንዷ ቅርፊት፣ የክንፉ መስመር ሳይቀር፣ ወረቀቱ ላይ ቁጭ ብላለች። አሻግሬ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ይሄ እኮ ራሱ ነው!»

«አንድ ጊዜ ብቻ» ያኔ ተረሳ። የሐዳሳ ወረቀት ሲያልቅ ጋዜጣ፣ ጋዜጣው ሲያልቅ የግሮሰሪ ከረጢት ቀደደ። ሐዳሳ ሰልችቷት ካርቱን ከፈተች። እሱ ሳሎኑ ውስጥ ገመድ ወጥሮ ዓሣ ማስጣቱን ቀጠለ።

ስልክ ጮኸ። ሰብለወርቅ ናት።

«ዓሣው ወጣ?»

«ወጣ ብቻ! አምሮ ነው የወጣው! ክንፉ ሳይቀር!»

«ክንፉ?»

«ማለቴ… ከፍሪጅ ወጥቷል።»

ደንግጦ ሊያጥበው ሮጠ። የላይኛው ቀለም ለቀቀ፤ ጉንጩ ግን በተጫኑት ቁጥር ሰማያዊ ይተፋል። ቀኑን ሙሉ ከፍሪጅ ውጭ ውሎም መሽተት ጀምሯል። በዚህ መሀል በሩ ተንኳኳ። ጋሽ መኳንንት፣ ከረባታቸውን አስረው፣ ቀደም ብለው መጥተዋል። በገመዱ ሥር ጎንበስ ብለው ገቡና ቀና አሉ።

«ምንድነው ይሄ ሁሉ ዓሣ?»

«አንድ ነው፣ ጋሼ። እራትዎ ነበር።»

አሻግሬ ተግሣጹን አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ። ሽማግሌው ግን ኮታቸውን አውልቀው ወንበር ላይ ሰቀሉ።

«እስቲ ወዲህ አምጣው።»

ሐዳሳ ቴሌቪዥኑን ዘግታ በረረች። «ጋሼ፣ ኖ! ትንሽዬ!»

ሰብለወርቅ በሩን ስትከፍት ሽማግሌው እስከ እጃቸው አንጓ ሰማያዊ ሆነው ቆመዋል።

«እህት ሰብለወርቅ፣ ይቅርታ፣ መጨበጥ አልችልም።»

ዓሣውን አየች፤ ገመዱን አየች፤ ባሏን ረዘም አድርጋ አየችው። እንግዳ ፊት መጮህ ስለማይሆን ወጥ ቤት ጠርታ ጎኑን ቆነጠጠችውና እንቁላል ሰበረች።

ማዕድ ሲቀርብ ጋሽ መኳንንት በሰማያዊ እጃቸው ባረኩ። «ጌታ ሆይ፣ ስለዚህ እንቁላል…»

«ስለ ዓሣውም» አለች ሐዳሳ፣ አንድ ዓይኗን ገልጣ።

አሜን ሳይባል መጀመሪያ ሳቅ ያመለጣት ሰብለወርቅ ነበረች።